ግድግዳ የማያውቀው ሌንስ

ሰው ፎቶ ስታነሣ የዝና ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፋለች። አሶሳ ገበያ ዳር ያለችው ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት። ወደ ፊት ብትጠጋ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ይቆረጥባታል፤ ወደ ኋላ ልሽሽ ብትል ግድግዳው አለ። ስለዚህ እዚያው ተጣብቃ፣ «ቀና በሉ፤ ጆሮ ይታይ፤ በሁለቱም በኩል» ትላለች። ለመታወቂያ የሚቀርብ ጉርድ ፎቶ ጆሮ ካልታየበት ተመላሽ ነው። ገበሬውም ነጋዴውም፣ መንጌ ወርዶ ወርቅ ሲያጥብ ከርሞ የመጣውም፣ ለግድቡ ሥራ የሚሄደውም እሷ ፊት ሲቀመጥ ጆሮውን ያሳያል። የምታውቀው የሰው መልክ ይሄ ነው። ትከሻዋ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የግድግዳው ቀለም ከመላጡ የተነሣ፣ እሷ በሌለችበትም ሰው የቆመ ይመስላል።

ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። አባቷ በሞተበት ክረምት ከወላጆቿ የሰፈራ መንደር ወደ ከተማ ወጥታ ሥራ ስትፈልግ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት አቶ ገብረ ሥላሴ ፎቶ እንድታጥብላቸው ቀጠሯት። ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ ነጩን ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ስትነክረው የሰው ዓይን ከምንም ተነሥቶ አፈጠጠባትና ጮኸች። አቶ ገብረ ሥላሴ ከውጭ ሆነው፣ «አይዞሽ፣ አይናከስም» አሏት። ቆይቶ ኮምፒዩተር መጣ፣ ማተሚያ መጣ፤ ጨለማው ክፍል የዕቃ ማጎሪያ ሆነ። አቶ ገብረ ሥላሴ ሲያርፉ ልጆቻቸው ኑሯቸው ግልገል በለስ ስለነበር ቤቱን ለእሷ ትተውላት ሄዱ። የዝናም ያለችበት ቀረች። ሰው የት ይሄዳል?

ከተተዉላት ዕቃዎች አንዱ ከባለ ሦስት እግር መቆሚያው ጋር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የእንጨት ካሜራ ነው። ሲሸከሙት የሕፃን ያህል ይከብዳል። መሐሉ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ ቆዳ፣ ከኋላው ጭጋግ የለበሰ የመሰለ መስታወት አለው። ከፊቱ ግን ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሌንሱ እሷ ከመምጣቷ በፊት የጠፋ ነው፤ ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም። ተርብ እንዳይገባበት ብላ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፋዋለች።

ስለዚያ ካሜራ እንድታስብ ያደረጋት የእናቷ ነገር ነው። እማማ ሰገነት ዘንድሮ ከስተዋል። ከደጃፋቸው እስከ ማሳው ጫፍ ለመሄድ እየደጋገሙ ያርፋሉ። የዝና የእናቷን መልክ፣ እንደ ስልክና ኮምፒዩተር ፎቶ የማይጠፋ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አድርጋ ማስቀረት ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ በስልኳ ሰርቃ አንሥታቸው ነበር። ሳታትመው ስልኩ ከኪሷ አምልጦ ሽንት ቤት ገባ። እናቷ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔንም እዚያ ከተትሽኝ በይ!» አሉና ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስቡ ጀመር።

«ለብቻው የሚነሣ እስረኛ ነው» ይላሉ። «አለዚያም ሟች ነው፤ ለለቅሶ ድንኳን። ማንሣት ካማረሽ ከመኪና ወንድሞቼ ጋር አንሺኝ።»

በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ተጭነው አሶሳ የወረዱት ሰፋሪዎች፣ በአንድ የጭነት መኪና የመጡት እርስ በርሳቸው የመኪና ወንድም፣ የመኪና እህት ይባባላሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ያው ነው። ከሥጋ ዘመድ አያንስም፤ ልጆቻቸው እንኳ አይጋቡም። የዝና በልጃገረድነቷ የሺዋስ የሚባለውን የጎረቤት ልጅ ትወደው ነበር፤ እሱም ያውቃል። ወላጆቻቸው የአንድ መኪና ሰዎች ናቸውና አለቀ። እሱ ሌላ አገባ፤ እሷም ሌላ አግብታ ፈታች። የመኪና ዘመዶቹ በየዓመቱ፣ መኪናው ባራገፋቸው ቀን፣ ማሳው ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ተሰብስበው ማኅበር ይበላሉ። ማኅበርተኛው ግን በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ለከርሞ እናቷ ከመካከላቸው ይኑሩ አይኑሩ የዝና እርግጠኛ አይደለችም።

ማኅበሩ ሊደርስ ሰሞን አብዱልረሂም ወደ ፎቶ ቤቷ ገባ። ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ዳማዚን፣ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። ጥምጥሙ ነጭ፣ ጺሙም ነጭ። የስደተኛ መታወቂያ የሚያወጣበት ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ «ጆሮ ይታይ» ስትለው ጥምጥሙን ገፋ አደረገ፤ ከዚያ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ኡኽቲ» አላት፣ እህቴ ማለቱ ነው። «ዓይኗ የት ሄደች?»

«የማን ዓይን?»

ተነሥቶ ወደ ካሜራው ሄደና በጨርቅ የተወተፈውን ቀዳዳ በጣቱ ነካው። «የዚች። እኔ ዳማዚን ፎቶ ቤት ነበረኝ። እንዲህ ያለች ካሜራ ነበረችኝ። እሷ ቀረች። ዓይኖቿ ግን ከእኔ ጋር መጡ።»

ስለ እናቷና ስለ ማኅበሩ ነገረችው፤ በማግስቱ ሁለት ሌንስ ይዞ መጣ። የልጅ ካልሲ ውስጥ ነበር የከተታቸው። አንዱ አጭርና ደቃቃ፣ ሌላው የቡና ስኒ የሚያህል፣ ከባድ ናስ። የዝና ስታያቸው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አጭሩ ሰፊ ያያል፣ ግን ብርሃን ይቆጥባል» አላት፣ አንተና አንቺ በሚቀላቀልበት አማርኛው። «ትልቁ ጠባብ ያያል፣ ብርሃን ግን ይጠጣል። አንዱ ላንቺ። አንዱ ለእኔ ይቀራል፤ አላህ ካለ አንድ ቀን ካሜራ አገኛለሁ። በምትኩ ጨለማው ክፍልህን ክፈትልኝ፤ እጄ ሥራ ናፈቀ።»

«ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

«አልናገርም።»

«እንዴ፣ እርስዎ አይደሉ የሚያውቁት?»

«ከተናገርኩ ለእኔ ብለህ ትመርጣለህ። አንቺ እይ፣ አንቺ ምረጥ።»

ቀዳዳው ላይ የሚገጠም ጣውላ፣ ለየሌንሱ አንድ አንድ፣ ዱሬሳ የሚባል የባምባሲ አናጢ ጠርቦ ሰጣቸው። መጀመሪያ አጭሩን ገጠሙ። ካሜራውን በሩ ላይ አቁመው ወደ መንገዱ አዞሩትና አብዱልረሂም ጥቁር ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል አደረገባት።

ጨርቁ ውስጥ ጨለማ ነበር። ከዚያ ጭጋጋማው መስታወት ላይ አሶሳ በራ። መንገዱ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች። ባጃጅ ተገልብጦ ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ያልፋል። ጀሪካን የጫነ አህያ ጣሪያ ላይ እንደሚሄድ ሸረሪት ይራመዳል። የሙዝ ሻጯ ቢጫ ሻሽ ከእውነተኛው ይልቅ ቢጫ ነበር። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ባትሪ፣ በአንዲት ቁራጭ መስታወት ብቻ መንገዱ በሙሉ ሳይቸገር ገብቶ ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። የዝና ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ ስትነካካ ኖራ ብርሃን ራሱ ሲመጣ አይታ አታውቅም። ይሄ ነገር እስከዛሬ በየደጁ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው? አፏን ከፍታ ቀረች። ደንበኛ መጥቶ፣ «ባለቤቷ የሉም እንዴ?» ሲል ከጨርቁ ሥር ትሰማለች፤ አልወጣችም።

«አለች» አለ አብዱልረሂም። «ትንሽ ሞታ ነው፤ ትመለሳለች።»

ምርጫው ግን ቀልድ አልነበረም። ካሜራውን ወደ ውስጥ አስገብታ እንደ ልማዷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈችና አብዱልረሂምን በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። በአጭሩ ሌንስ ክፍሉ በሙሉ ገባላት፤ ግራ ግድግዳ፣ ቀኝ ግድግዳ፣ የጣሪያው ሸረሪት ድር ሳይቀር። እሱ ግን ጉልበቱ ገዝፎ ፊቱ ከሩቅ የመጣ ሆነ። ከአቶ ገብረ ሥላሴ የተረፈ፣ ጊዜው ያለፈበት የፎቶ ወረቀት ነበራት። አብዱልረሂም ወረቀቱን ራሱን እንደ ፊልም እንዴት እንደሚጠቀሙበት አሳያት፤ የሌንሱ ክዳን ይነሣል፣ ይጠበቃል፣ ይከደናል። አጭሩ ሌንስ ብርሃን ቆጣቢ ነውና ጥበቃው ረዘመ። ታጥቦ ሲወጣ የአብዱልረሂም ፊት በዱቄት እንደተነካ ሰሌዳ ደብዝዟል።

«ተነፈሱ መሰለኝ» አለች።

«መተንፈስ ልማዴ ነው፤ ይቅርታ» አለ።

የዝና የማኅበሩን ሽማግሌዎች አሰበች። ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆይ ማን አለ? ትልቁን ሌንስ ገጠመች። መስታወቱ ላይ ወፍራም ጉም ብቻ መጣ። ቆዳውን ሳበችው። ጉም። እስከ መጨረሻው ሳበችው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። የአብዱልረሂም ጥምጥም እንደ ደመና ተዘርግቶ ዓይንም አፍም የለውም።

«ይሄኛው ሞቷል» አለችና ፈታችው። «እንግዲህ አጭሩ ይሁን። ፊታቸው ቢያንስም ቢደበዝዝም ሰዎቹን ሁሉ ይይዛል። ያለው ይሄ ነው፤ ምን አደርጋለሁ።»

አብዱልረሂም አልናገርም ያለውን ረሳ። «ለምን ለግድግዳው ትመርጣለህ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ማኅበሩ እዚህ ክፍል ነው የሚበላው? ግድግዳውን ይዘህ ነው የምትሄደው? ካሜራውን ተሸከም! ና፣ ውጣ!»

ትልቁን ሌንስ ኪሱ ከቶ ቀደማት። እሷ ካሜራውን ታቅፋ፣ ሰው እያያት፣ ገበያውን አልፈው ከከተማው ዳር ካለው ገላጣ ሜዳ ደረሱ። ማዶ ቀርከሃ የለበሰ ተረተር አለ። ካሜራውን ተከለችና ጨርቁን ለበሰች። ቆዳውን ከመጨረሻው ወደ ውስጥ ስትገፋው ጉሙ በድንገት ተሰነጠቀ።

ተረተሩ መጣላት። ቀርከሃው ዘንግ በዘንግ ተለያይቶ፣ ነፋሱ የትኛውን እንደነካ የትኛውን እንደተወ ይታያል። በተረተሩ ሥር አንዲት የበርታ ሴት ዘንግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ በፊትም በኋላም ቅል አንጠልጥላ ትሄዳለች። በባዶ ዓይን ነጥብ ናት። መስታወቱ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃዋ ቅሎቹ ሲወዛወዙ፣ ውሃው እንዳይፈስ ትከሻዋን ስታለሳልስ ይታያል። የዝና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሌንሱ አልሞተም። ሰው እንዲርቅለት ነበር የሚፈልገው።

አብዱልረሂም ሄዶ መካከሉ ላይ ቆመ። እሷም ካሜራውን እያነሣች ወደ ኋላ ሄደች። መጀመሪያ ጥምጥሙ ብቻ ይታይ ነበር፤ ደረቱ ገባ፤ ደግሞ ወደ ኋላ፤ ቁመቱ ገባ። እየሄደች ትከሻዋን ትጠብቃለች፤ አሁን ይነካኛል፣ አሁን ይነካኛል እያለች። የሚነካት የለም። ስንት ዘመን በጀርባዋ የተሸከመችው ግድግዳ የለም። ብቻዋን ሳቀች።

«ይሄን ነው የምፈልገው» አለችው ስትመለስ። «ሁሉም ይገባል። እኔ ከራቅሁ ሁሉም ይገባል።»

አብዱልረሂም አጭሩን ሌንስ ካልሲው ውስጥ መልሶ እጁ ላይ ጨበጠው፤ ያኔ ነው የነገራት። «የልጆቼን ሠርግ ሁሉ በዚህ አነሣሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀረልኝ።»

የማኅበሩ ቀን ማሽላው ታጭዶ ማሳው ገላጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ማንጎው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። እማማ ሰገነት መሐል ላይ፣ ከመኪና እህታቸው ከእማማ ሕብረት ጎን ናቸው። ዳር ላይ አቶ ታረቀኝ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። የዝና ካሜራውን ታቅፋ ከአጨዳ በተረፈው የማሽላ ቆረን መሐል ወደ ኋላ ስትርቅ፣ ስትርቅ፣ ስትርቅ እናቷ ጮኹ።

«ይቺ ልጅ ወዴት ነው የምትሄደው? አገሯ ልትመለስ ነው እንዴ?»

«ወሎ ስትደርሺ ደውይልን!» አሉ አቶ ታረቀኝ፣ እድምተኛው ሳቀ።

ከዚያ ርቀት ድምፅዋ አይደርስም። የሺዋስ መካከሉ ላይ ቆሞ መልእክት እንዲያቀብል ተስማሙ። እጇን ስታነሣ እሱ «እንዳትነቃነቁ!» ይልና ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ቆረኑ ላይ ይተኛል።

«የአርባ አምስት ዓመት ሰው መሬት ታስተኚኛለሽ?» አላት።

«ከጠላህ ቁም፤ ሁሉንም ጋርደህ ለዘላለም ጀርባህን ያዩታል።»

«እተኛለሁ፣ እተኛለሁ።»

ጨርቁን ለበሰች። ማንጎው ከታች፣ ሰዎቹ ከላይ፤ ከምድር ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል። ሁሉም ገብተዋል። ማንም ቀና አላለም፤ ማንም እሷን አያይም፤ የሚያወሩት እርስ በርሳቸው ነው። እናቷ የእማማ ሕብረትን እጅጌ ይዘው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። የዝና ይህችን ሴት አታውቃትም። እሷ አጠገባቸው ስትሆን እናት ናቸው፤ ይቆጣሉ፣ ያዝናሉ፣ «በላሽ ወይ» ይላሉ። ከዚህ ርቀት ግን በአንድ የጭነት መኪና ከሞት የተረፈች፣ ገና ወጣት የሆነች ሴት ነበረች። ይህን ለማየት ይሄን ሁሉ መራቅ ነበረባት።

ወረቀቱን አስገባች። እጇን አነሣች፤ የሺዋስ ጮኸና ተዘረረ። ማንጎው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ቄስ እንዳዘዘው ጸጥ አለ። ክዳኑን አነሣች፣ ጠበቀች፣ ከደነች። ተፈጸመ።

ወረቀቱን አውጥታ፣ ክዳኑን አንሥታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልያቸው ብላ እንደገና ጨርቁን ስትለብስ አንድ ሰው ከመደዳው ተነሣ። እናቷ ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ማሳውን አቋርጠው ወደ እሷ መጡ። «ምን እንደምታይ ልይላት» ብለው ነው፤ የሺዋስ ሊደግፋቸው ቢነሣ በምርኩዛቸው መልሰው አስተኙት።

የዝና ከጨርቁ አልወጣችም። እናቷ መስታወቱ ላይ ተገልብጠው ይመጣሉ። ቀርበው ሲደበዝዙ ቆዳውን ትንሽ ትስበዋለች፤ መልሰው ይጠራሉ። ቆም ብለው ያርፋሉ። ይመጣሉ። ትስበዋለች። በየጊዜው ይተልቃሉ፤ ነጠላቸው፣ የአንገታቸው ማተብ፣ ከዘመን ብዛት የጠቆረው ጣታቸው። በየርቀቱ አንድ እናት አለች፤ አንዷ ስትጠፋ ሌላዋ ትጠራለች። ከኋላቸው ማንጎውና ሰዎቹ እየለሰለሱ ሄደው ብርሃን ብቻ ሆኑ፤ ግን አሉ። ከዚያ እጇ ቆመ። ቆዳው አልቋል። እናቷ አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ጉም ይሆናሉ።

«እማዬ!» ብላ ከጨርቁ ወጣች። «እዚያው ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!»

እማማ ሰገነት ደንግጠው ቆሙ። «እባብ ነው?»

«አይደለም። ላነሣሽ ነው።»

«ለብቻዬ?»

«ዘወር ብለሽ እያቸው። ሁሉም ከኋላሽ ናቸው፤ አብረው ይገባሉ።»

እናቷ ዘወር አሉ። ማንጎው ሥር ያሉት እጃቸውን አውለበለቡላቸው። እማማ ሰገነት ወደ ካሜራው ዞረው ምርኩዛቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ወደ ኋላ ገፉ።

«በይ እንግዲህ» አሉ።

ወረቀቱ የሚገባበት ጠፍጣፋ የእንጨት ኪስ በሌላው ፊቱ አንድ ወረቀት ቀርቶት ነበር። ሌንሱን ከድና፣ ገልብጣ አስገባችው። ወረቀቱ ከገባ መስታወቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ጨርቁን ጥላ ከካሜራው ጎን ቆመች። ክዳኑን አነሣች። በዚያች ትንፋሽ በተያዘባት ጊዜ፣ በመካከላቸው መስታወትም ጨርቅም ሳይኖር፣ እናትና ልጅ በገላጣው ማሳ ላይ ተያዩ።

ክዳኑን መለሰች።

«አለቀ?» አሉ እናቷ፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ።

«አለቀ እማዬ።»

እማማ ሰገነት ግን ወዲያው አልተነቃነቁም። እሷም ነይ ቅረቢ አላለቻቸውም።